መሪው ሲደነዝዝ

የአባቴ ኮሮላ መሪዋ በላላ ቁጥር ቄራ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ እወስዳት ነበር። ሽማግሌው መካኒክ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት «ምን ይሰማሃል?» ይሉኛል። አጠገቤ ተቀምጠው ትንሽ ያስነዱኛል። ስንመለስ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ይገቡና «ግራ! ቀኝ! ቀስ በል እንጂ!» እያሉ መሪውን ያስዞሩኛል። እሳቸው መዳፋቸውን መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። የተበላው ክፍል መሪው አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ከጆሮ ቀድሞ እጅ ያገኘዋል።

ዛሬ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የምነዳውም የ2012 ፕሪየስ። ዋሽንግተን አካባቢ ሰው አመላልሶ የሚያድር ሐበሻ ይህችን መኪና አሳምሮ ያውቃታል፤ ነዳጅ አትበላም። ግን በ395 ወደ 14ኛው ጎዳና ድልድይ ስነዳ ነፋስ በነካት ቁጥር መሪዋን ሳቃና ነው የምደርሰው። ጎማዋ ምን እንደረገጠ እጄ አይነግረኝም።

ከፊሉ የአሠራሯ ነው። በድሮዎቹ መኪኖች መሪውን የሚያቀለው ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው የዘይት ፓምፕ ነው። እንደ ፕሪየስ ያለች ሃይብሪድ ግን የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል፤ ያኔ መሪው እንዳይከብድ እገዛው በኤሌክትሪክ ሆነ። መሪው ዘንግ ላይ ያለ ሴንሰር እጃችን የጠመዘዘበትን ኃይል ይለካል፤ ኮምፒውተሩም ፍጥነቱን አይቶ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዛል። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል። ከአስፋልቱ ወደ እጅ የሚመጣው ስሜት ግን መንገድ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ በዘይት ፓምፕ መሪ ላይ ወዲያው የሚታወቀው ትንሽ ብልሽት እዚህ ለወራት ተደብቆ ይቆያል።

እዚሁ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ቁልፉን ተቀብለው መጠበቂያ ክፍል አስቀመጡኝ፤ ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም። ከሰዓት በኋላ የአላይመንት ወረቀት ሰጡኝ፣ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ። ልኬቱን አልጠራጠርም፤ በዓይን የማይለይ ማዘንበል ማሽኑ ያያል። ግን ማንም አልነዳትም፤ ምን እንደሚሰማኝም የጠየቀኝ የለም። መሪው እንደደነዘዘ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን መሪው ላይ አስቀመጥኳት። ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ መሪውን ሁለት ጣት ያህል ብቻ ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለች። ከፊት ጎማው ጀርባ እጄን ሰድጄ መገጣጠሚያውን ያዝኩ። የኮሮላዋ ሞተር እየጮኸ ነበር ሽማግሌው የሚያዳምጡት፤ ይህችኛዋ ግን ጸጥ ብላለች። በግራ በኩል መዳፌ ላይ ቀጭ አለ። የቄራው ዘዴ ለሃይብሪድ እንዲያውም የበለጠ ይመቻል!

የተበላው መገጣጠሚያ ተቀየረ፣ አላይመንቱ እንደገና ተሠራ። መሪው ቀጥ ሲል የት እንደሚቆምም ለኮምፒውተሩ ተነገረው። ይህ ሦስተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መኪናዋ ተሻላት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነችም። አዲስ አበባ ደውዬ ለሽማግሌው አወራኋቸው።

«የጎማውን ነፋስ ለካኸው?» አሉኝ።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለፊት ጎማ 35፣ ለኋላ 33 ይላል። የፊቱ 29 ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ብርዱ ሲገባ ነፋሱ ራሱ ይቀንሳል፤ እኔም ከመስከረም ወዲህ አላየሁትም ነበር። የላላ ጎማ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ መሪው ከዞረ በኋላ መኪናዋ ዘግይታ ትከተላለች። አንዳንዱ ከሥሯ ማጠንከሪያ ብረት ያስገጥማል፤ ይረዳል። ነፋሱ ሳይለካ ግን ለዚያ ገንዘብ ባታወጡ እመክራለሁ።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባም የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የእነሱም መሪ በኤሌክትሪክ ነው። መኪኖቹ ወደ ሽማግሌው ጋራዥም መምጣት ጀምረዋል። «እጄ የሚነግረኝን አውቃለሁ፤ ያንን የኮምፒውተሩን ሥራ አሳየኝ» አሉኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከአንድ ባለሙያ ወዳጄ ጋር ተቀጣጥረናል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቀርጬ እልክላቸዋለሁ።