ጠገራ ስትጠቁር

የጠቆረ ብር ሲያዩ ቆሸሸ የሚሉ ብዙ ናቸው። ቆሻሻ ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነገር ነው፤ የብር ጥቁረት ግን ብሩ ራሱ ነው። ከምድጃ ጭስ፣ ከሱፍ፣ ከእንቁላል፣ ከርካሽ ወረቀት ሳይቀር የሚወጣ ጥቂት ድኝ የብሩን ገጽ ያገኘውና ተዋሕዶት ስስ ልባስ ይሆናል። ልባሱ ሲጀምር ቢጫ ነው፤ ሲሰነብት ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀለሙን የሚያወጣው በልባሱ ላይና ሥር የሚንጸባረቀው ብርሃን ነው። ልባሱ ሲወፍር ቀለማቱ ሁሉ ይሰጥሙና ጥቁሩ ብቻ ይቀራል።

አብዛኞቹ የሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚሳሱት ለመካከለኛው ደረጃ ነው። በአሜሪካ ግምጃ ቤት በሸራ ከረጢት ታጭቀው ለዐሥርት ዓመታት ከተኙት፣ ሞርጋን ከሚባሉት የብር ዶላሮች መካከል ሸራው የነካው ወገናቸው ቀስተ ደመና ያወጣ አሉ፤ እነዚህ ዛሬ ከነጩ ወንድማቸው እጅግ የበለጠ ዋጋ ያወጣሉ። የጥቁሩ ገዢ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከጥቂቶቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ለመናገር ደግሞ የድሮዋን የብር ገንዘብ፣ ጠገራን፣ ማንሣት ግድ ይለኛል።

ጠገራ ዕድሜዋን አትናገርም። መልኳ የተቀረጸባት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታች ጠገራ ሁሉ፣ በቪየናም ትመታ በሮም፣ በለንደንም ትመታ በቦምቤይ፣ የተጻፈባት ዓመት ያው 1780 ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታት። እንግሊዞችም በፊናቸው ለንደን ላይ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ቦምቤይ ላይ አስመቷት። ወራሪውም ወራሪውን ሊያስወጣ የመጣውም የከፈሉት በአንዲት እቴጌ ፊት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክና አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያስመጡም ጠገራን ከገበያ ማስወጣት አልሆነላቸውም። ነጋዴው ለምዷት ነበር። 28 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር የሆነች ገንዘብ ናት፤ እሱ ግን ይህን በቁጥር አያውቀውም ነበር። የሚያውቀው በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ነበር። ፈርጡ ከተፋቀ አልቀበልም ይል ነበር። ቡና ገዝታ፣ በቅሎ ገዝታ፣ ለጥሎሽ ተቆጥራ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በገንቦ ተቀብራ፣ ቀኑ ሲያልፍ ተቆፍራ ወጥታ እንደገና ገበያ ትወርድ ነበር።

እንዲህ የኖረች ጠገራ ስትጠቁር ጥቁሩ እኩል አይወርድባትም። ጣት የሚያገኘው ጉንጯ፣ ትከሻዋ፣ በጀርባዋ ያለው የንስር ደረት እየታሸ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጣት የማይደርስበት የፀጉሯ እጥፋት፣ የፊደሉ ሥር፣ የላባው መካከል ይጠቁራል። መምቻውን የቀረጸው ሰው ያላሰበው ጥላ ይወጣና ፊቷን ያጎላዋል። ዓመቷን ማመን አይቻልም፤ ጥላዋን ግን አምናለሁ። በስንት እጅ እንዳለፈች፣ የት እንደተኛች ከፊቷ ይነበባል።

ታዲያ አንዱ ይመጣና በሎሚና በአመድ ይፈትጋታል። ልባሱ ከብሩ የተሠራ ስለሆነ ብሩም አብሮ ይሄዳል፤ አመዱም ጭረቱን ትቶባት ይቀራል። የሳንቲም ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶች መፈተጓ ከታወቀ የደረጃ ቁጥር ይነፍጓታል። በአክሱም ሳንቲም ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የአክሱም ሠሪዎች በአንዳንዱ ነሐስና ብር ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ፣ ስስ ወርቅ ያለብሱ ነበር። ዝገቱን አነሣለሁ ብሎ የሚፈትግ ሰው ወርቁንም ሊያነሣው ይችላል።

ነጭ መሆን ሁልጊዜ ንጽሕና አይደለም። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ፣ አታላዮች እያነጡ በሃምሳ ያሳልፉት ነበር፤ በኋላ ጠርዙን ሞገድ ማስያዝ ግድ ሆነ። ጥቁርም ይዋሻል። ብርን በድኝ ውሕድ ነክሮ በአንድ ቀን ማጥቆር ይቻላል። ነገር ግን የተነከረው ጉንጩም ደረቱም እኩል ይጠቁራል፤ እጅ ያልዳሰሰው መሆኑ ያሳብቅበታል።

ብር ሠሪዎቻችን ስንቷን ጠገራ አቅልጠው የአንገት መስቀል፣ አምባርና አልቦ አደረጓት! እቴጌይቱም፣ 1780ውም፣ ጥቁሩም አብረው ቀለጡ። መፈተግን የምቃወም ሰው ስለ ማቅለጥ ለምን ዝም እላለሁ? የቀለጠችው ሌላ ሥራ ተሰጥቷት፣ ሌላ ዕድሜ ጀመረች እላለሁ፤ የተፈተገችው ግን በስሟና በመልኳ እያለች የኖረችውን ተቀማች። ይህ መልስ ለእኔም አይበቃኝም። ቢሆንም ከአያቱ ሙዳይ ሥር ጥቁር ጠገራ ያገኘ ሰው ምን ላድርጋት ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ምንም ሳላመነታ አትንካት እለዋለሁ።