ፖል ዳሺል ያልቀጣው ጥፋት

የአሜሪካ ፉትቦል ታሪክ ሲወራ የሚነሡት ጎበዝ ተጫዋቾችና ስመ ጥር አሠልጣኞች ናቸው። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣኝ ግን አንድ ዳኛ ነው። ፖል ዳሺል ይባላል።

ዳሺል የተማረው ኬሚስትሪ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ከዚያም በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። ያኔ ጥብቅ ደንብ ስላልነበረ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ መጫወት ብርቅ አልነበረም። መጫወቱን ሲያቆም አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ መምህር ሆነ፤ ጎን ለጎንም ትልልቅ ጨዋታዎችን ይዳኝ ጀመር። በደንብ አውጪው ኮሚቴ ውስጥ ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1906 ደግሞ የአካዳሚውን ቡድን አሠለጠነ። ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚያሠለጥነውና የሚዳኘው አንድ ሰው! ዛሬ ማንም አይፈቅደውም። ያኔ ግን እንደ እሱ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለነበረ ሁሉም እሱኑ ይጠራ ነበር።

ኅዳር 1905 ሃርቫርድና ዬል ተገናኙ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ድረስ ጠርተው በንጽሕና እንዲጫወቱ ቃል አስገብተዋቸዋል። ተጫዋቾች በጅምላ እየተጋፉ የሚረጋገጡበት ጨዋታ ነበርና፣ በዚያ የውድድር ዘመን ብቻ የሞቱትን ጋዜጦች 18 ብለው ቆጥረዋል። የሃርቫርዱ ፍራንሲስ በር ከላይ የሚወርደውን ኳስ ሊቀበል እጁን አነሣ። ይህ ምልክት ከታየ ማንም ሊነካው አይገባም። የዬሉ ጃክ ኩዊል ግን ፊቱን መታው። ደም በደም ሆነ። የተጫዋቾችን ጠባይ የመጠበቅ ኃላፊነት የነበረበት ዳሺል አልቀጣም። ለሃርቫርድ የስታዲየሙን መሬት የሰጡት ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን ቡድኑ ሜዳውን ለቅቆ ይውጣ ብለው ጮኹ፤ አሠልጣኙ ቢል ሪድ እሺ አላሉም። ዬል 6 ለ 0 አሸነፈ።

በዚያው ቀን ኒውዮርክ ውስጥ የዩኒየን ኮሌጁ ሃሮልድ ሙር ሲጫወት ተመትቶ ሞተ።

የዳሺልን ዝምታ ሳስበው አድልዎ አይታየኝም። እንደኔ ግምት እሱ ራሱ በዚያ ድብድብ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ ለተመልካቹ ግፍ የሆነው ለእሱ የዘወትር ነገር ሆኖ ይሆናል። ጨዋታውን ከውስጥ ማወቅ ለዳኛ ትልቅ ሀብት ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ዓይንን ከጭካኔ ጋር ያላምዳል። ይህ በየትኛውም ሜዳ ያለ አደጋ ይመስለኛል።

የሩዝቬልትን እርምጃ ግን ልቀበለው አልችልም። ሃርቫርድ የተማሩት ፕሬዚዳንት ዳሺልን አስጠርተው አነጋገሩት፤ ይህስ ይሁን። ከዚያ በአካዳሚው የሚጠብቀውን የፕሮፌሰርነት ሹመት ለወራት ያዙበት። በሜዳ ላይ ለተሰጠ ፍርድ የአንድ መምህር እንጀራ መያዣ ሆነ! ያጠፋ ዳኛ ይታረም፣ ጨዋታም አይሰጠው። የሀገር መሪ ግን በሰው የኑሮ ጉሮሮ ላይ እጁን ካሳረፈ፣ ቀጣዩ ዳኛ ደንቡን ሳይሆን የባለሥልጣኑን ፊት ነው የሚያየው።

ሹመቱ በመጨረሻ ተሰጠው። እሱ ያሠለጠነው ቡድንም ታኅሣሥ 1906 የምድር ጦሩን አካዳሚ 10 ለ 0 አሸነፈ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን የ1906ቱ የደንብ ለውጥ ነው። ኳስን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ በ3 ሙከራ መሄድ የሚገባው ርቀት ከ5 ወደ 10 ያርድ ከፍ አለ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ክፍት መሬት እንዲተው ተደረገ። ተጫዋቾች ተበታትነው መሮጥ ሲጀምሩ፣ በግርግር ውስጥ የሚሰነዘር ቡጢ የሚደበቅበት እየጠበበ ሄደ። እነዚህን ደንቦች ካወጡት ሰዎች መካከል አንዱ ዳሺል ነበር።