የሻምበል ባሻው ደብተር

አንድ ባለሌላ ማዕረግተኛ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ ሻምበል ባሻ እስኪባል የሚጓዘው ጎዳና ረጅም ነው። እኛ ከጦር አካዳሚ እንደ ወጣን ይህን ጎዳና የምናውቀው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል ባሻ እያልን ቅደም ተከተሉን እናስተምር ነበር እንጂ፣ እያንዳንዱ እርከን ምን እንደሚያስከፍል ጠይቀን አናውቅም። ያስተማሩን በመተማ ዮሐንስ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ ናቸው።

ባሻው በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠለጠኑ። በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ተዋጉ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተዛውረው በኤርትራ ግንባር አሥራ ሦስት ዓመት ቆዩ። አሥር አለቃ የሆኑት አለቃቸው በጦር ሜዳ ስለ ወደቁ ነው፤ ሃምሳ አለቃ የሆኑትም እንዲሁ። «ማዕረጌ ሁሉ የሞተ ሰው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ኮርቼበት አላውቅም» አሉን።

ሻምበል ባሻ ሆነው የሻምበሉን ስም ዝርዝር፣ ስንቁን፣ ዘቡንና ፈቃዱን ሲቆጣጠሩ ሳለ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደረሰ። አሥመራ በግንቦት 16 ስትያዝ፣ በከረን በኩል ወደ ሱዳን ካፈገፈገው ሠራዊት ጋር በእግር ተጉዘው ከሰላ ገቡ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ሠራዊት በዚያ ምድር መሣሪያውን አስረከበ። አብዛኛው ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። የባሻው ሁለት ወታደሮች ግን በወባ ወድቀው ነበርና ጥለዋቸው መሄድ አልሆነላቸውም። ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ሥራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ወርደው፣ በድንበራችን አጠገብ ካለችው ከቁረይሻ ደረሱ።

የቁረይሻ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ሰሊጥ ደርሶ ጥቂት ቀን ካደረ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋልና አጫጁ ዕረፍት የለውም፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ማሽላው ይከተላል። በዚያ እርሻ ላይ ማዕረግ የሚያከብር አልነበረም፤ ሠራዊቱም ፈርሷል። ባሻው ግን ማታ ማታ ስም መጥራታቸውን አልተዉም። ማን እንደ ታመመ፣ ማን ስንት ቀን እንደ ሠራ፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የት እንደሚገኝ በአንዲት ደብተር ይጽፉ ነበር። ከሕሙማኑ አንዱ ሲያርፍ የተቀበረበትን ቀንና ቦታ ጻፉ።

በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቅድሚያ የሄዱት ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደዚያ ሟች ሚስት ዘንድ ነው። ይህን ነገር ስንሰማ አመሰገንናቸው። እንጀራ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉት ባለቤታቸው ግን ወዲያው አላመሰገኑም።

«ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ከደጄ አልፎ ሰው ቤት ሄደ ሲሉኝ ተቆጣሁ» አሉ። «ኋላ ግን ሳስበው፣ እኔስ በዚያ ሁለት ዓመት ምን ነበር የተመኘሁት? አንድ ሰው መጥቶ አለ ወይም ሞቷል እንዲለኝ አልነበረምን? እሷ ያገኘችውን እኔ አጥቼው ነበር።»

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ሲጠሩ ባሻው ምልምሎችን ሊያሠለጥኑ ሄዱ። ባለቤታቸው ስንቅ እየቋጠሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ «አንተ የሰውን ቤት ትጽፋለህ፤ የአንተን ቤት ማን ይጽፋል?» ባሻው መልስ አልነበራቸውም። በማግሥቱ የቤታቸውን አድራሻ ለአንድ አሥር አለቃ አስጻፉ።

አሥር አለቃ የሚለው ስም ራሱ የአሥር ሰው ኀላፊነት እንጂ የክንድ ጌጥ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባን። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዕረግ ስናስተምር የምንጀምረው ከቁረይሻዋ ደብተር ነው።

ስለዚህ፣ የጓድና የመቶ መሪዎች ሆይ፤ የወታደሮቻችሁን ቤተሰብ አድራሻ ጻፉ፤ የራሳችሁንም አስጽፉ። እናንተም እኅቶቻችን፤ ቤት ስትቀይሩ ለባለቤታችሁ ብቻ ሳይሆን ለአለቃውም አሳውቁ። ጠባቂ ሚስት ዜና የማግኘት መብት አላትና።