ለቀድሞ ወታደር ስለሚቀር ክፍያ

ለአገሩ የቆሰለ ሰው ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ አይሻም፤ የሚሻው መታወቅን ነው። ይህንንም ከአጎታችን ተማርን።

አጎታችን የካቲት 26 ቀን 1970 ዓመተ ምሕረት ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ነጻ በወጣችበት ዘመቻ የነበሩ ወታደር ናቸው፤ ከዚያም በቀኝ እግራቸው ቁስል ይዘው ተመለሱ። ባለፈው ዓመት መታወቂያቸው ስለ ጠፋባቸው፥ ሌላ ለማውጣት አብረናቸው ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊውም የክፍያውን ልክ ነገራቸው። እኛ ቀረብ ብለን፦ «የቀድሞ ወታደር ናቸውና ክፍያው ይቅርላቸው» ብንል፥ «ማስረጃ ሲያመጡ አለቃዬን እጠይቃለሁ» አለን። ማስረጃው ግን ከከተማው ማዶ ባለ ሌላ ቢሮ ነው፤ ደርሶ ለመመለስ የሚወጣው የታክሲ ሒሳብ ከክፍያው ይበልጣል። አጎታችን አንዳች ሳይናገሩ ከፈሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፦ «ልጄ፥ ስለ ገንዘቡስ ግድ የለም፤ ወደ ጅጅጋ ስንዘምት ግን ማስረጃ አምጡ ያለን አልነበረም» አሉን።

ይህ ቃል ልባችንን ወጋው፤ እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነንና። በ1958 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ድኻ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ነገር ግን ድኽነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ፍለጋ ሄዶ በዚያው የቀረውን ሰው ስንት ጊዜ አይተን ዝም አልን!

በሌላ አገር ያለውን ብንመለከት፥ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በክብር የተሰናበተና በአገልግሎቱ ምክንያት ቢያንስ 60 በመቶ የአካል ጉዳተኛ የተባለ ወታደር ለመንጃ ፈቃድም ለመታወቂያም አይከፍልም። በእርግጥ እዚያም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ነገር ግን የቀድሞ ወታደር መሆኑ በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይችላልና፥ ከዚያ ወዲያ ካርዱ ራሱ ይመሰክርለታል።

እንግዲህ ክፍያን መተው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌውን በየደጁ የሚያንከራትት ምሕረት ከክፍያው የከበደ ዕዳ ይሆናል። መዝገብ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይሂድ እንጂ የቆሰለ እግር አይሂድ። ሥልጣን በእጃችሁ ያለ አንባቢዎቻችን ይህን አስቡበት፤ እኛም ከገዛ ጠረጴዛችን ጀምረናል።