105 ያልደረሰው ማርማላታ

ይኸውላችሁ፣ ቤታችን ብርቱካን ብርቱካን መሽተት ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። እኛ ማለት ሦስት ሴቶች ነን፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል፣ ሦስታችንም ጋዜጠኝነት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን እንኖራለን። ሁለታችን የምንሠራበት ጋዜጣ ከተዘጋ ወዲህ ሦስተኛዋ ደመወዟን ለሦስት እያካፈለች ታኖረናለች። ቤተሰቦቻችን ይህን አያውቁም ነበር። ሲደውሉ «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉናል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። መቼም ይኼ ውሸት አይባልም፤ መልስም ግን አይባልም።

ማርማላታ ሠርተን እንሽጥ ያለችው የትኛዋ እንደሆነች እስካሁን አልተስማማንም። ልጆች ሳለን ማርማላታ ማለት የመርቲ ቆርቆሮ ነበር። እናቶቻችን ዳቦ ላይ በስሱ ይቀቡልናል፤ እኛ ደግሞ ዞር ሲሉ በማንኪያ። ስሙን ከጣሊያኖች ወስደን የየትኛውንም ፍራፍሬ ማርማላታ ብለን እንጠራዋለን፤ ለእኛ ግን ዋናው ያው የብርቱካኑ ነው።

ከኢንተርኔት ያገኘነው አሠራር ግልጽ ነበር፦ ሙቀቱ 105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ። ኬክ የምትጋግር ጎረቤት አለችንና ቴርሞሜትሯን ተዋስን። 94... 96... 97። እዚያ ላይ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። አንዳችን ታማስላለች፣ አንዳችን ታነባለች፣ አንዳችን «ገና ነው፣ 105 ነው የሚለው» ትላለች። ብዙ ቆይቶ ቁጥሩ መጨመር ጀመረ፤ ማርማላታውም መጥቆር። 105 ሲል ድስቱ ውስጥ የነበረው ነገር ከማርማላታ ይልቅ ለጫማ ቀለም ይቀርብ ነበር። ከታች አርሯል፤ ሲቀዘቅዝ ማንኪያው አብሮት ቀረ። ሁለት ኪሎ ብርቱካንና ሁለት ኪሎ ስኳር... የሳምንት አስቤዛችን ማለት ነው። ያን ቀን ማንም ማንንም አልተናገረም።

በማግስቱ ናዝሬት ደወልን። የአንዳችን እናት ናቸው፤ ግን ሦስታችንም «እማዬ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ቤት ማርማላታ ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም ረፋድ አራት ሰዓት መሆኑ ነው።

«ማርማላታ?» አሉ። «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

ሦስታችን ተያየን። ለዚህ ጥያቄ ለወራት ያዘጋጀናቸው መልሶች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልወጡም።

«ጋዜጣው ተዘግቷል እማዬ» አለች ልጃቸው።

«መቼ?»

«በየካቲት።»

ዝም አሉ። ከኋላቸው የሬዲዮ ድምፅ ይሰማናል። በመጨረሻ «ታዲያ እስካሁን ምን ስትበሉ ነው የቆያችሁት?» አሉ። መልሳችንን ግን አልጠበቁም። «በሉ ወረቀት ያዙ።»

ያዝን። ብርቱካኑን በደንብ እጠቡ። ልጣጩን በስሱ ላጡና እንደ ጎመን ክተፉት። ጭማቂውን ጭመቁ። ነጩን ሽፋንና ፍሬውን እንዳትጥሉ፤ በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ከልጣጩና ከጭማቂው ጋር ሦስት ሊትር ውኃ ውስጥ ይደር። (እኛ ቆሻሻ ብለን የጣልነው እሱን ነበር! ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን በብዛት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።) ጠዋት ልጣጩን በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ቀቅሉ፤ ስኳር ከገባ በኋላ አይለሰልስላችሁም። ከዚያ ሻሹን ጨምቃችሁ አውጡ፣ ሁለት ኪሎ ስኳርና የስድስት ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፤ ስኳሩ ሲሟሟ እሳቱን ከፍ አድርጉ።

«105 ዲግሪውስ እማዬ?»

«የምን ዲግሪ? የስኒ ማስቀመጫ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ጠብ አድርጉበትና በጣት ግፉት። ከተጨማደደ ደርሷል፣ ከፈሰሰ ገና ነው። ስትሞክሩ ግን ድስቱን ከእሳት አውርዱ።»

ጋዜጠኞች ነንና ነገሩን ዘግይተን አጣራን። 105 የሚለው አሠራር ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርማላታ የሚደርሰው ሙቀቱ ውኃ ከሚፈላበት አራት አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሆነ፣ የእኛ ድርሻ 97 ነው። ያ አልነቃነቅ ያለን ቁጥር «አውርዱኝ» እያለን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «ያገኛችሁትን አጣሩ» ሲሉን ለኖሩት መምህሮቻችን ይህን አትንገሩብን።

ሁለተኛው ድስት ስምንት ጠርሙስ ወጣው። ጠርሙሶቹን ምናለሽ ተራ ወርደን፣ ክዳናቸው ያልዛገውን መርጠን ገዝተን፣ ቀቅለን ነው የሞላናቸው። የሰፈራችን ባለሱቅ ስድስቱን ተቀበለን። «ፋብሪካችሁ የት ነው?» ሲለን «አራተኛ ፎቅ» አልነው። በሁለት ሳምንት አራቱ ተሸጡ፤ ሁለቱ ተመለሱና ቁርሳችን ሆኑ። ስናሰላው ያረረውን ድስት እንኳን አልከፈለም። የቤት ኪራይማ ባይነሳ ይሻላል። ግን ደግሞ ከገዙት ሰዎች አንዷ «ሌላ የለም ወይ?» ብላ ጠይቃለች ተባልን። በዚያች አንዲት ጥያቄ ሦስተኛውን ድስት ጣድን።

ሰባተኛውን ጠርሙስ ለቴርሞሜትሯ ባለቤት ሰጠን። ስምንተኛው ወደ ናዝሬት በሚሄድ ሚኒባስ በሰው እጅ ተላከ። እማዬ ደርሷቸው ደወሉ። «ስኳር በዝቶበታል፤ ልጣጩን ግን ጥሩ ከትፋችሁታል» አሉ።

አሁን ሲደውሉ «ሥራ እንዴት ነው?» አይሉም። «ሥራ ተገኘ?» ነው የሚሉት። እኛም «ገና ነው እማዬ» እንላለን።

ቸር ሰንብቱ።