ከመቃብሩ አንድ እፍኝ አፈር

የጌጫ ተወላጅ የሆነ አንድ መምህር በኅዳር ወር ስንቁን በጀርባው አዝሎ ወደ ጋምቤላ ወረደ። የእናቱ አባት ቡና ጭነው በዚያ አገር ሲነግዱ በንዳድ ሞተው፥ በባሮ ዳር ተቀብረው ነበር። አሮጊት እናቱም ከመቃብሩ አንድ እፍኝ አፈር እንዲያመጣላቸው ለምነውታል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ ተፈቅዶ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲመላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ እየመጣ የደጋውን ቡና ይጭን ነበር፤ በበጋ ውኃው ስለሚጎድል አይደርስም ነበር። ስለዚህ ደገኛው ነጋዴ በወባው ወራት ቆላ መክረም ግድ ሆነበት። ስለ መርከቡ የሚተርክ ብዙ ነው፤ ስለ ጫኙ ግን ማን ይተርካል?

መምህሩ ማለዳ ከአንድ ሽማግሌ አኙዋክ ጋር ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ተሳፈረ። ከሸካ ደጋ የሚወርዱ ብዙ ጅረቶች የሚገቡበት ባሮ፥ በዚህ ሰፍቶና ደፍርሶ በዝግታ ይሄዳል። የማንጎው ዛፍ አልፎ ሸምበቆው ሲጀምር፥ «አባቴ፥ የጥንት ነጋዴዎች መቃብር ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አቆሙ። «ልጄ፥ ዳሩን ወንዙ በየክረምቱ ይበላዋል። የትኛውን ላሳይህ?»

ጥቂት ዝም ብለው ታንኳውን ወደ ዳር አስጠጉ፤ አፈር ዘግነው በቅጠል ቋጥረው ሰጡት። መምህሩም ተቀበለ። ለእናቱ ከየት የተዘገነ ነው እንደሚላቸው ግን ጋምቤላ እስኪመለሱ ድረስ አልቈረጠም።