በፍልውሃ፥ በመርካቶና በማጀት የዋልንባት ዕለት

ክረምት ሲገባ መምህር ያርፋል ይባላል። ዳሩ ግን የመምህር ዕረፍት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው የሚያንጠባጥበውን ጣራ በመድፈንና ለሚመጣው ዓመት የልጆቹን ደብተር በማሰብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ግን በደብረ ብርሃን የምናስተምር አራት ጓደኛሞች ለሁለት ሌሊት ከቤታችን ወጥተን በአዲስ አበባ ለመዝናናት ተስማማን። ቀኑንም የመረጥነው ቀን መቍጠሪያ ዘርግተን ነው። የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ተፈትቷል፤ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይሆኑም። ስለዚህ ሐሙስ ሐምሌ 12 ቀን ተቈረጠ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ከመካከላችን አንዱ ዶሮ ወጥ መሥራት ልማር ስላለ ነበር።

ይህ ወዳጃችን ሐሳቡን በነገረን ጊዜ ሳቅን። ባለቤቱ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፎ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ነገር ግን ጎረቤቶቹ ሁለቱን ሴት ልጆቹን ስለሚረዱለት ችግሩ ያለቀ መስሎን ነበር። እርሱም ለምን እንደ ሆነ አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ጧት በ1 ሰዓት በካፊያ ፍልውሃ ደረስን። ቲኬት ቈርጠን ተራችንን ስንጠብቅ ስለ ሥፍራው ታሪክ አነሣን፤ አራት መምህር በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ ዝም ማለት አይሆንለትምና። ከተማው በእንጦጦ ሳለ፥ ብርዱ የበረታ እንጨቱም የራቀ በነበረበት ዘመን፥ መኳንንቱ እየወረዱ በዚህ ውኃ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱም ሥፍራውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. በአቅራቢያው ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። ፊንፊኔ የሚለው የኦሮምኛ ስሙ ግን ከዚያ አስቀድሞ የነበረ ነው። እንግዲህ ይህች ታላቅ ከተማ የተቈረቈረችው ገላን መታጠብ ከመውደድ የተነሣ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

ውኃው ከምድር ሲወጣ እጅ አያስችልም፤ ቀዝቃዛ ተቀላቅሎበት ገንዳው ሲሞላ ግን ሰውነት ይፈታል። ክረምቱን በባልዲ ውኃ የሚታጠብ ሰው እንዲህ ባለ እንፋሎት ውስጥ ተዘፍቆ ሲቀመጥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሙንም ሊረሳ ይደርሳል። ደብተር በማረም ወገቡ የጐበጠው የሒሳብ መምህራችን ደግሞ ገላውን ታሸና ሲወጣ፥ የሃያ ዓመት ጠመኔ ከትከሻዬ ወረደ አለን። ከዚያም ጠጕራችንን ተስተካክለን፥ ጫማችንን አስጠርገን፥ ማኪያቶ ጠጥተን ወደ መርካቶ ሄድን።

መርካቶ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጕሙም ገበያ ማለት ነው። ቀድሞ የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ዘመን ግን ጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ለይተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ጠላት ሄደ፤ ገበያው ከነስሙ ቀረ። እኛ ለባለቤቶቻችን ነጠላ ስንመርጥ፥ ጥለቱ ሰፋ ጠበበ ስንባባል ብዙ ሰዓት አጠፋን። ወዳጃችን ግን ወደ ቅመም ሻጮቹ ገብቶ፥ ከበርበሬው አቧራ የተነሣ እያስነጠሰ፥ ኮረሪማውን ያሸታል፥ ጥቍር አዝሙዱን በመዳፉ ያያል።

“ባለቤትዎ በወረቀት ጽፈው አልሰጡዎትም እንዴ?” አለችው አንዲት ሻጭ።

“ለራሴ ነው፤ የምሠራው እኔ ነኝ” አላት።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። የመዘነችለትን በርበሬ መልሳ ደፍታ ከሌላው ከረጢት ቀዳችለት። “ያ ለሚያውቅ ነው፤ ይህ ለጀማሪ ይሻላል፤ ቀለሙ ቀይ ነው፥ አያቃጥልም” አለችው።

መምህርታችን ብዙ ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፥ አሁን በቤታቸው ሙሽሮችንና የውጭ አገር እንግዶችን ወጥ የሚያስተምሩ እናት ናቸው። አራት ጐልማሶች በራቸው ላይ ቆመን ባዩ ጊዜ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሆኖም ወዲያው ለያንዳንዳችን ቢላና የሽንኩርት ክምር ሰጡን። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት! ይህ ሁሉ ደቅቆ ተከትፎ፥ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በደረቁ ድስት ላይ ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል ብቻ ጥቂት ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ሽንኩርቱ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አማሰልን። በርበሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም እንደ ገና ጠብታ እየተጨመረለት ረጅም ጊዜ ይበስላል፤ ቀጥሎ ንጥር ቅቤው፥ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገባሉ። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፥ ኮረሪማው ድስቱ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል።

የሒሳብ መምህሩ እርሳስ አውጥቶ፥ “በርበሬው ስንት ደቂቃ ይበስላል?” ብሎ ጠየቀ።

“ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው” አሉት።

“ይህ በደቂቃ ስንት ይሆናል?”

“ልጄ፥ አፍንጫህን ነው እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።”

በዚህ ጊዜ የቀድሞው የዜማ መምህራችን ትዝ አሉን። እርሳቸውም ቃሉን ከአፋቸው እንድንቀበል እንጂ ለምን ብለን እንድንጠይቅ አይፈቅዱልንም ነበር፤ ስንስት ከመጀመሪያው ያስጀምሩናል። እኒህም እናት እንዲሁ ናቸው። ዶሮውን ወደ 12 ብልት ስንከፍል አጥንቱን በኃይል መታነው፤ እርሳቸው ግን መገጣጠሚያውን በጣታቸው ፈልገው ቢላውን ያለ ድምፅ አሳለፉት። ቅልጥሙ፥ ፈረሰኛው፥ መላላጫው፥ ክንፉ ሁሉ በየስሙ ተደረደረ። ዐሥራ ሁለቱን ከሐዋርያት ቍጥር ጋራ የሚያያይዙ አሉ፤ መምህርታችን ግን፥ “ቍጥሩ የሚያስፈልገው እንግዳ ሲመጣ ለማን ምን እንደሚደርሰው እንድታውቁ ነው” ብለው አለፉት።

ወጡ በሚንተከተክበት ሰዓት፥ እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ስላገቡት ታላቅ ግብር አወራን። እርሳቸውም አዳምጠው፥ “ሽንኩርቱን የላጡት ግን ሌሎች ናቸው” አሉን።

ሽንኩርቱ አራታችንንም አስለቅሶናል። ሦስታችን ፊታችንን ታጥበን ተመለስን፤ የወዳጃችን ዕንባ ግን ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም አልቆመም። እናቲቱ እሳቱን ቀነስ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ።

“ለማን ብለህ ነው የምትማረው?” አሉት።

“በየፋሲካው ጎረቤቶቻችን ወጥ ያመጡልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዘንድሮ ታላቂቱ ልጄ አልበላም አለችኝ። ለምን ብላት፥ ‘የሰው ነው’ አለችኝ።”

እናቲቱ ምንም አልተናገሩም። ማማሰያውን ከእኛ እጅ ወስደው ለእርሱ ሰጡና፥ “እናንተ ሂዱና ሳሎን ተቀመጡ፤ ድስቱ የእርሱ ነው” አሉን።

ሄደን ተቀመጥን። እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን በየደጁ ለምነን ያገኘነውን እንበላ ነበር፤ ያን ቍራሽ ማን እንደ ጋገረው አንድ ቀንም አልጠየቅንም። ሴት በማይገባባቸው ገዳማት መነኰሳቱ ራሳቸው እንደሚጋግሩና ወጥ እንደሚሠሩ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። እንዲህ ከሆነ ጓደኛችን ማጀት ልግባ ሲል ያሳቀን ምን ነበር? ሳሎኑ ውስጥ ይህን ጕዳይ ደፍሮ ያነሣ አልነበረም፤ የየገዛናቸውን ነጠላዎች እያጣጠፍን ዝም አልን።

በ12 ሰዓት ቀርቦልን በላን። ለእኛ አፍ ምንም አልጐደለውም። እርሱ ግን መምህርቱን እያየ፥ እርሳቸውም “ቅቤው ትንሽ በዝቷል፤ ሁለተኛ ይቀነሳል” እያሉ፥ እንደ ተማሪ በወረቀት ይጽፍ ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ወደ ቤታችን ተመለስን። ጾም ስለ ነበር ልጆቹ እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ነበረባቸው። ቅዳሜ ጧት ዶሮ ገዝቶ፥ በሩን ዘግቶ፥ ማንንም ሳይጠራ ሠራ። ሰኞ ዕለት አግኝተነው እንዴት ሆነ ብንለው፥ ታላቂቱ አንድ ጕርሻ ወስዳ ጥቂት አሰበችና፥ “አባዬ፥ ጨው ይጐድለዋል” አለችኝ አለን። ተነሥታም ጨው አመጣች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ድስቱ ድረስ ጠረገችው። ይህንን ሲነግረን የበርበሬው ቀለም ከጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም ነበር።